የከላላዋ በቅሎና ሦስተኛው ድንጋይ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለፋሩቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ያ የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ሳሉ ቀለል ብሎላቸዋል፣ ቁጣው ግን እንዳለ ነው።

ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወራት ሆነው። ስልኩ ሲሠራም አባባ ድምፁን ከፍ አድርገው ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ነው የሚያስወሩን። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ለሚወርድ ነጋዴ እሰጣለሁ፤ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። መቼ እንደሚደርስዎ አላህ ያውቃል።

የጻፍኩልዎ ስለ ጨዋታው ነው። ኔትወርክ ሳይጠፋ የላኩልኝን ቪዲዮ፣ የድሮ ሰው ልብስ ለብሰው ከእነዚያ ጢማሞች ጋር ቤዝቦል የሚሉትን በዱላ የሚመታ ኳስ ሲጫወቱ የሚያሳየውን፣ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። የስፖርት መምህር አይደለሁ? አንድ ክፍለ ጊዜ ማሳለፊያ ብዬ ነበር። ጉድ ፈላ! አሁን እግር ኳስ ብላቸው መረብ ኳስ ብላቸው አይሰሙኝም። ጠይባ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በመጥረጊያ እንጨት ድቡልቡል ድንጋይ መትታ የክፍሉን መስኮት ሰብራ፣ እኔ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተጣልቼላታለሁ።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጠባብ ነው። አባባን ለምኜ፣ ለምኜ፣ የእሳቸውና የእርስዎ የጋራ አውድማ ላይ እንድንጫወት ፈቅደዋል፤ ግን ውቂያው ካለቀ በኋላ። እስከ ጥር ታገሺ ይሉኛል። እኔ እስከ ነገም መታገሥ አልችልም። እባክዎ ኳስ የሚያዝበትን ጓንትና ኳስ ይላኩልን። ደንቡንም ይጻፉልኝ፤ ከቪዲዮው የገባኝ መምታትና መሮጥ ብቻ ነው።

አባባ ጨምሪ ያሉኝ፦ «ፋሩቅ፣ የልጅቱን ነገር አደራ። እዚህ ቁጭ ብላ ዕድሜዋ እየሄደ ነው። ወስደህ አንድ ቦታ አድርስልኝ።» እንዳሉት ጽፌያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ኢልሀም አራጌ


ዴንቨር፣ አሜሪካ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢልሀም፣

ወዐለይኪ ሰላም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ አባትሽንም ያቆይልን። ደብዳቤሽን ያነበብኩት አውቶቡሱ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሰዎች መኪናቸውን ያቆማሉ፣ እኔ ወደ ኤርፖርቱ በር አደርሳቸዋለሁ። ከማቆሚያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ማቆሚያው። ቀኑን ሙሉ እንደ አውድማ በሬ እዞራለሁ። የምጭነው ሰው ሁሉ ሊበር ነው፤ እኔ አድርሼው እመለሳለሁ።

ጓንቶቹን ገዝቼ ለአንድ ተጓዥ ሰጥቼ ነበር፤ ሻንጣው ሲከብደው እዚሁ ጥሎልኝ ሄደ። ሌላ ሰው እየፈለግኩ ነው። ግን ስሚኝ፣ ጓንት አያስፈልጋችሁም።

ይህችን ከተማ የቆረቆሯት ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው። ያኔ ብዙው ሰው በድንኳን ነበር የሚኖረው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ከብቱ በየደጁ። ታዲያ የቤታቸውን ጣሪያ እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ የኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ደመወዝ የለ፣ ትኬት የለ። አናጢው፣ ባለ ሱቁ፣ ጋዜጣ አታሚው ከሥራ በኋላ ተሰብስቦ ይጫወታል። ቪዲዮው ላይ ያየሽው የእኛ ማኅበር ዛሬም የሚጫወተው በእነሱ ደንብ ነው። ኳሱ በባዶ እጅ ነው የሚያዘው። ከአየር ላይ ከያዝሽው፣ ወይም መሬት ላይ አንድ ጊዜ ነጥሮ ከያዝሽው፣ መቺው ወጣ፤ ተራው አበቃ ማለት ነው። ወርዋሪው እጁን ዝቅ አድርጎ፣ መቺው እንዲመታው አመቻችቶ ይልካል። አራት ድንጋይ አስቀምጡ፤ ሦስቱን አልፎ አራተኛው ላይ የደረሰ ነጥብ አለው። ዳኛ ደግሞ ከከተማው የተከበረ ሰው ይመረጥና ወንበር ይወጣለታል። እሱ ያላየው ነገር ካለ ያየ ሰው ጠይቆ ይፈርዳል።

እኔ እንዴት እንደ ገባሁ ነግሬሽ አላውቅም። የእረፍት ቀኔ ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ አንድ መናፈሻ ውስጥ ስዞር ሰው ጎድሏቸው «ና፣ ተጫወት» አሉኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ለሥራ ሳይሆን ለራሴ «ና» ተብዬ የተጠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨዋታውን ሳላውቀው ገባሁ።

የአባትሽን አደራ አልረሳሁም። እዚህ አንድ ኮሌጅ ተቀብሎሻል፤ ለቪዛው የኤምባሲ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ፓስፖርትሽን እዪው፣ ጊዜው እንዳያልፍ። እኔም በሚመጣው ዓመት ብቅ ማለቴ አይቀርም፣ ኢንሻአላህ።

አጎትሽ ፋሩቅ


መካነ ሰላም፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅዎ። በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ ያሉትን ለአባባ ሳነብላቸው «የትኛው የሚመጣው ዓመት?» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ያንኑ ቦታ ራሳቸው አነበቡት።

አውድማው ተለቀቀልን! ለውቂያው በእበት ስለ ተለቀለቀ መሬቱ ልሙጥ ነው፤ የእርስዎ መናፈሻ እንኳ እንዲህ መሆኑን እንጃ። ኳሱን ኮርቻ ሰፊው ሸጋዬ ሠራልን። ውስጡ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ፣ በላዩ ከሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከባና፣ የተፈታ ክር ተጠምጥሞ፣ ከላይ ቆዳ። ዱላዎቹ ወይራ ናቸው። የሁላችንም መዳፍ አብጧል። ጠይባ በአበጠ እጇ ፈተና መጻፍ አቅቷት እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ሰደበችኝ፤ በማግስቱ ግን ከአጥሩ ጥግ ቆማ ስታይ አገኘኋት።

ዳኛ የተከበረ ሰው ይሁን ብለው ስለ ጻፉ ችግር ገጠመን። ሼህ ሁዜይፋ ቢመረጡ መሪጌታ ላቀው ይከፋቸዋል፤ መሪጌታ ቢመረጡ ሼሁ «ይሁና» ብለው ቤታቸው ይገባሉ። ስለዚህ ሁለቱንም መረጥን። የትምህርት ቤቱን ወንበሮች አወጣንላቸው። እነሱም ደንቡን ሦስቴ አስነበቡኝ፤ አገር ያስታረቁ ሽማግሎች ስለሆኑ ነገር በችኮላ አይዙም።

በቅበላው ሰሞን የጎረቤታችንን የከላላን ልጆች ልንገጥም ነው። የእነሱ መምህር ወንድማገኘሁ ከእኛ ተምሮ ሄዶ እዚያ ጀምሯል፤ አሁን ዐይኑን በጨው አጥቦ «እናሸንፋችኋለን» ይላል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሌላ ለጊዜው የምጽፈው የለኝም።

ኢልሀም


ዴንቨር፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢልሀም፣

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። ስለ ኳሱ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ ወንበሩ ጽፈሽልኛል። ስለ ፓስፖርቱ አንድ ቃል የለም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለም።

የኤምባሲ ቀጠሮሽ ሚያዝያ 9 ጧት ነው። ይህን ቀን ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳሁ አላህ ያየዋል። መንገዱ እንደሚዘጋ ስለማውቅ ቀደም ብለሽ ደሴ ግቢ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጠብቂ። ወረቀቶቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሉ። አባትሽ አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ፤ እሱን ሳላደርግ ዐይናቸውን ማየት አልችልም።

ከላላዎችን ካሸነፋችሁ ንገሪኝ። መጀመሪያ ግን የፓስፖርቱን።

አጎትሽ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ረመዳን ሙባረክ። ዘንድሮ የእኛ ረመዳንና የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ በአንድ ቀን ገብተው ከተማው ሁሉ አፉን ይዟል፤ ሻይ ቤቶች እንኳ ማን እንደሚመጣላቸው ግራ ገብቷቸዋል።

ከላላዎች በቅበላው እሑድ መጡ፣ ገሚሱ በእግር፣ ገሚሱ በበቅሎ። ሰዉ እንደ ገበያ ቀን ግጥም አለ። አንድ እነሱ፣ አንድ እኛ እያልን መጨረሻው ላይ እኩል ሆንን፤ ተራውም የእኔ ሆነ። መምህሯ ራሷ ዱላ ስታነሣ አባባ መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ወርዋሪያቸው ላከው፤ መታሁት። አጎቴ፣ ያንን ድምፅ እርስዎ ያውቁታል። ከሕዝቡ ሁሉ በላይ «ሩጪ!» ብለው ሲጮኹ የተሰሙት አባባ ናቸው።

ኳሱ አውድማውን አልፎ ሄደና ጥግ ላይ ታስራ ገለባ የምትበላውን የወንድማገኘሁን በቅሎ ጎኗን መታት። ከእሷ ነጥሮ ኳሱን ተከትሎ የሮጠው ባለቤቷ እጅ ገባ። መሬት አልነካም።

«አንዴ ነጥሮ ተይዟል፣ ወጥታለች!» አሉ ከላላዎች።

«በቅሎ መሬት ናት እንዴ?» አልን እኛ።

«መሬት ካልነካማ የባሰ ነው፣ ከአየር ላይ ተያዘ ማለት ነው።»

«በቅሎዋ የናንተ፤ ያዡ የናንተ። አጋዥ አምጥታችኋል!»

እኔ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ደርሼ ወደ መጨረሻው ልፈተለክ ስል መሪጌታ ላቀው ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ባለሽበት!» አሉኝ። ቆምኩ።

ወጣች ወይም አልወጣችም ብለው ይገላግሉናል ብለን ስንጠብቅ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ተነሥተው ኳሱ የሄደበትን መንገድ በእግራቸው ሄዱበት። በቅሎዋን ዞረው አዩአት። ባለቤቷን ለብቻው ጠየቁት። ተመልሰው ተቀመጡና ሼህ ሁዜይፋ ዱዓ አደረጉ። «ሁለት አገር ተጠራርቶ በአንዲት በቅሎ ተቀያይሞ ከሄደ የኛ እዚህ መጎለት ምን ፋይዳ አለው?» አሉ። «ዛሬ አሸናፊ ብንል ተሸናፊው መንገዱን ሁሉ እየረገመን ነው የሚገባ። ነገሩ በእርቅ ይለቅ።»

እርቁ ደግሞ በግ ታርዶ አብሮ ሳይበላ አይጸናም። ጾም ገባ። የእኛ ሲፈታ የእነሱ ይቀራል፤ ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት ተባለ። እስከዚያ ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልወጣም፤ ኢልሀም ሦስተኛው ድንጋይ ላይ እንዳለች ትቆጠር ተባለ። ሁለቱም ወገን ዋስ ይጥራ ሲባል ከላላዎች ወንድማገኘሁን ጠሩ፣ የእኛዎቹ እኔን ጠሩ። በዚህ አገር ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ሳያልቅ ርቆ እንደማይሄድ ያውቃሉ። ስለዚህ ሚያዝያ 9 አዲስ አበባ መገኘት አልችልም። ደብዳቤዎ የደረሰኝም ከጨዋታው በኋላ ነው።

ሽማግሎቹ ቃልዎን ይፈልጋሉ። ጨዋታው ከእርስዎ ስለ መጣ፣ ኳስ በቅሎ መትቶ ቢያዝ እንዴት እንደሚፈረድ ይጻፉልን ብለዋል።

ኢልሀም


ዴንቨር፣ መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢልሀም፣

ሰላም። ረመዳን ሊያልቅ ነው፤ በጾም አፌ ክፉ እንዳልናገር ሁለት ቀን ቆይቼ ነው የጻፍኩት። አልበረደልኝም።

በበቅሎ! በበቅሎ ምክንያት! እኔ እዚህ ወረቀት ለወረቀት ስሮጥ፣ ከአለቃዬ ፈቃድ ስለምን፣ አንቺ ድንጋይ ላይ ቆመሻል። ይህ ጨዋታ ነው፣ ኢልሀም። ዳኛው አንድ ቃል ይላል፣ የከፋው ይከፋዋል፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ዋስ የሚጠራበት ቤዝቦል በዓለም ላይ የለም። ስልክ ደውዬ አባትሽን አገኘኋቸው፤ «እየተዘጋጀች ነው» አሉኝ። የእናንተን ቤት እውነት ማን ጋ ልፈልግ?

የተጠየቅኩትን ግን ላለመመለስ አልቻልኩም። ቅዳሜ ለማኅበሩ ሰዎች ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ግማሾቹ ወጥታለች፣ ግማሾቹ አልወጣችም ብለው እስኪመሽ ተጨቃጨቁ፤ ሁለቱ እስካሁን አይነጋገሩም። የሁላችንም ታላቅ የሆነው ሽማግሌ «በድሮው ጊዜ ሜዳው ላይ ከብት ነበር፤ ቦታውን ያየ ሰው ነበር የሚፈርደው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ?» አለ። መልሱ ይኸው ነው። ለሽማግሎቹ አንብቢላቸው፣ ከዚያ ያን ድንጋይ ትተሽ አዲስ አበባ ውረጂ። ምናልባት ይህ ሲደርስሽ ቀኑ አልፎ ይሆናል። ይህን እያሰብኩ አውቶቡሱን ነድቼ የተሳሳተ በር ላይ ሰው አራግፌያለሁ።

ፋሩቅ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ሰላምታ አሳምሬ ልጀምረው አልኩና ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርዎ።

ኤምባሲው አልሄድኩም። ዋስነቱም አልነበረም ያስቀረኝ። ሼህ ሁዜይፋ በዚያው እሑድ «ጉዳይ ካለሽ ሌላ ዋስ ተክተሽ ሂጂ» ብለውኝ ነበር። እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ለእርስዎም ለአባባም ይህን መናገር ፈርቼ በሽማግሎቹ ተከለልኩ። አጎቴ፣ መሄድ አልፈልግም። ድሮም አልፈለግኩም። መናፈሻ ውስጥ «ና» ብሎ የጠራዎትን ሰው ጽፈውልኝ ነበር። እኔን እዚህ ጧት ማታ ነው «ነይ» የሚሉኝ። ይህን ትቼ የሚጠራኝ ሰው ፍለጋ የት ልሂድ? የለፉበትን ሳስብ ግን ያመኛል። ይቅር ይበሉኝ።

ሚያዝያ 9 ዕለት አባባ ጧት ተቆጥተው ከቤት ወጡ። አመሻሹ ላይ ሳጣቸው ጊዜ አውድማው ድረስ ሄድኩ። ከብት የገፋውን ሦስተኛውን ድንጋይ ወደ ቦታው እየመለሱ ነበር። ዞር ብለው አይተውኝ «ቆመሻል ከተባለ ድንጋዩ በቦታው መሆን አለበት» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ከላላዎች መጡ። በጎቹ የየሃይማኖቱ ለየብቻ ታረዱ፣ ጨዋታውና ሳቁ ግን አንድ ላይ ነበር። ደብዳቤዎን ለጉባኤው አነበብኩላቸው፤ የሰደቡኝን ዘልዬ። ያየ ሰው ነው የሚፈርደው የሚለው ላይ ስደርስ ሁለቱም ሽማግሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ላቀው «እኛማ ብናይም ወገን ነን፤ መካነ ሰላሞች ነን» አሉ። ወንድማገኘሁም «እኔስ የበቅሎዋ ባለቤት አይደለሁ?» አለ። ተመካክረው የቆረጡት ይህ ነው፦ ደንቡን የሚያውቅ፣ አውድማው የራሱ የሆነ፣ በዚያ ቀን ያልነበረ አንድ ሰው ብቻ አለ። ፋሩቅ መጥቶ ቦታው ላይ ቆሞ፣ በቅሎዋንም አይቶ ይፍረድ። እስከዚያ እኔ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ነኝ። ጠይባ «መምህር፣ እንዲሁ ቆመው ሊያረጁ ነው» እያለች ትቀልድብኛለች።

ይህ ጥሪ ነው፣ አጎቴ። ጓንቱም ኳሱም ይቅርብን። የቀረውን አባባ በእጃቸው ጽፈዋል።

ኢልሀም

ፋሩቅ ወንድሜ፣ ልጅቷን ወስደህ አድርስልኝ ብዬህ ነበር። ተዋት። አንተ ና። ጥሩ ወንበር አስጠርቤልህ እጠብቃለሁ። አራጌ


ዴንቨር፣ ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢልሀም፣ ለወንድሜም፣

አላህ እስክንገናኝ ያቆየን። ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ ተሳፋሪ ጭኜ ነበር። አንብቤ ስጨርስ አንዲት ሴት «አንሄድም ወይ?» አለችኝ። «እንሄዳለን» አልኳትና ሞተሩን አስነሣሁ።

ኢልሀም፣ ተቆጥቼብሽ ነበር፤ አሁንም ትንሽ አለ። ወዲያው ብትነግሪኝ ኖሮ ከአለቃዬ ጋር አልጣላም ነበር። ኮሌጁን ግን አመስግኜ ጽፌላቸዋለሁ። ሌላ ቀጠሮ አልይዝልሽም፤ አንቺ ራስሽ ካልጠየቅሽኝ በቀር።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። በየዓመቱ በሚመጣው ዓመት የምለው ሥራ ስለ በዛብኝ አልነበረም። ከአገር ከወጣሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እዚያ የእኔ የሚባል ሥራ እንደሌለ፣ ማንም እኔን ሳይጠብቅ ሁሉ እንደሚከናወን አውቃለሁ። የፈራሁት ደጃችሁ ስደርስ እንደ እንግዳ ወንበር አውጥታችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁልኝ፣ «ብላ፣ ጠጣ» እያላችሁ መሄጃዬን እንድትጠብቁ ነው። ያን ከማይ እዚህ አውቶቡስ እየዞርኩ ልሙት ብዬ ነበር። እናንተ ግን ሥራ ይዛችሁ ጠራችሁኝ።

ቲኬት ቆርጫለሁ። ክረምቱ ሳይጠና፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ መንገድ ከተከፈተ ወደ ላይ እመጣለሁ፣ ካልተከፈተ ደሴ ቁጭ ብዬ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ጓንቶቹን ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ፤ ላትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ። ለወንድማገኘሁ ንገሩት፣ በቅሎዋን እንዳይሸጣት። ጎኗን ማየት አለብኝ፤ ከፍርዱ በፊት ለሰው ምንም አልልም፣ ለወንድሜም ቢሆን።

ኢልሀም፣ ትንሽ ቆዪ፤ ከድንጋዩ አትነሺ። ወንድሜ አራጌ፣ ወንበሩን ለሽማግሎቹ ይስጡልኝ። እኔ አውድማዬ ላይ ቆሜ ነው የምፈርደው።

ፋሩቅ